ለውዝዋዜ ቤት መሥራች እኅቴ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ በአማኑኤል ለምትገኚው ለውድ እኅቴ፤

 የእናታችን የጉልበት ሕመም እንዴት እንደ ሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ሳትሸሽጊ ጻፊልኝ። ከደብረ ማርቆስ እስከዚህ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ፣ የዓባይንም ሸለቆ ወርዶ የመውጣቱን ድካም አንቺም የምታውቂው ስለ ሆነ አልፈዋለሁ፤ ይልቁንስ ከመነሣቴ በፊት አደራ ያልሽኝን፣ በከተማችን በአማኑኤል በተከራየሽው አዳራሽ የጀመርሽው የውዝዋዜ ማሠልጠኛ በምን ጸንቶ እንደሚቆምና በምን እንደሚሰፋ፣ እዚህ ካየሁትና ከሰማሁት ተነሥቼ ልጽፍልሽ ወድጃለሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ካዛንቺስ ነው፤ ፈንድቃ ይባል የነበረው የአዝማሪ ቤት የቆመበትን ሥፍራ በዓይኔ ለማየት። የዚህን ቤት ታሪክ በዝርዝር እንድታውቂው እፈልጋለሁ። መላኩ በላይ የተባለው ተወዛዋዥ ገና በወጣትነቱ ወደዚያ ገብቶ፣ ደመወዝ ሳይቆረጥለት፣ እንግዳው ደስ ባለው ጊዜ በሚሰጠው ሽልማት ብቻ እየተዳደረ፣ ሌሊቱንም በባንኮኒው ሥር እየተኛ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ተከራይቶ ያዘው። ከዚያም ኢትዮከለር የሚባለውን የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን አቋቋመ፤ በ2008 ዓ.ም. የሥዕል ማሳያ ጨምሮበት የባህል ማዕከል አደረገው፤ አንዱን ምሽት ለአዝማሪና ለእስክስታ፣ አንዱን ለጃዝ፣ አንዱን ለግጥም እየመደበ፣ ቤቱ በአንድ ዓይነት እንግዳና በአንድ ዓይነት ገቢ ብቻ እንዳይንጠለጠል አደረገ። ዘ ኤክስ ከተባሉት የሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር በባዕድ አገር መድረክ ተወዛወዘ፤ ፈንድቃም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የልዑል ክላውስን ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለከተማ ልማት ሲፈርስ ይህ ቤት አብሮ ፈረሰ፤ የቡድኑ ሥራ ግን ተሻግሮ በሌላ አዳራሽ ቀጠለ።

በዚያ ሥፍራ ቆሜ ያሰብሁት ስላንቺ ነው። አዳራሽሽ የኪራይ ነው፤ ነገ ባለቤቱ ሊሸጠው፣ መንገድም ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት፣ ከአንድ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ይሁን፤ ግድግዳውን ለማስዋብ ያሰብሽውን ገንዘብ ደግሞ ወደ ወለሉ አዙሪው። የእኛ አገር ጭፈራ ዝላይ ያለበት ነውና፣ ልጆችን በየቀኑ በሲሚንቶ ላይ ማዝለል ቁርጭምጭሚትንና ጉልበትን እንደሚጎዳ እዚህ ያሉ አሠልጣኞች ሁሉ ይናገራሉ። ከሥሩ አግዳሚ እንጨት እየተደረገ ከፍ ብሎ የሚነጠፍ፣ በየክፍሉ የሚነቀል ጣውላ ብታሠሪ፣ ለእግር ይመቻል፤ አዳራሽ መልቀቅ ቢመጣም ጭነሽው ትሄጃለሽ።

ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት ወደምትመራው ማሠልጠኛ ሄጄ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቀምጬ አየሁ። አሠልጣኙ ሙዚቃውን አጥፍቶ ልጆቹን በዝምታ ትከሻ ብቻ ያሠራቸው ነበር፤ ከእነርሱም አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ትከሻዋ እሺ ብሎ አንገቷ አልታዘዝ ባላት ጊዜ፣ ከፊቷ ተንበርክኮ እጁን በትከሻዋ ላይ አኖረና፣ ትንፋሿን በጥርሷ መካከል እያወጣች ከትንፋሿ ጋር እንድትመታ አደረጋት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንገቷ ሳይነገረው ተከተለ። ባለቤቲቱ የልጆቹን ስምና የከፈሉበትን ወር የምትጽፍበትን ደብተር አሳየችኝ፤ ብዙ ተማሪ የሚገባው በመስከረም እንደ ሆነ፣ ወር በገባ ቁጥርም ሦስትና አራት ስም እንደሚጎድል፣ የሚጎድሉትም አብዛኛውን ጊዜ ወላጆቻቸው አንድም ቀን መጥተው ልጃቸው የተማረውን ያላዩት መሆናቸውን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ እሑድ ቀን ወላጆችን ጠርታ ልጆቹን በፊታቸው ታሠራለች። ይህን ሳትውይ ሳታድሪ አድርጊው፤ በተለይ የሴቶቹን ልጆች እናቶች ጥሪ፤ ትምህርቱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፈጸም።

አንድ ነገር ግን አሳዘነኝ። የጎጃም ነው ተብሎ ለልጆቹ የሚሰጠውን ጭፈራ አሠልጣኙ የተማረው ከስልክ ቪዲዮ ነው። ቁምጣውም፣ ጋቢውም፣ ዱላውም አለ፤ የትከሻው አመታት ግን ከልክ በላይ ፈጥኖ፣ ደረቱ የሚያርፍበት ጊዜ ጠፍቶአል። አዲስ አበባ አዳራሽም፣ መስተዋትም፣ ከፋይም ሳይቸግራት ያጣችው ምንጩን ነው፤ ምንጩም አንቺ ከምትኖሪበት ከአማኑኤል ዙሪያ፣ በማቻከል ገበሬዎች ሠርግና በጥምቀት ሜዳ ላይ፣ ዛሬም ሳይደርቅ ይፈስሳል። ከየአጥቢያው ያሉትን ጭፈራ አዋቂ ሽማግሎችና ባልቴቶች እየጋበዝሽ፣ የድካማቸውን ዋጋ እየከፈልሽ፣ ለአሠልጣኞችሽ እንዲያስተምሩ ብታደርጊ፣ ሌላው ሊገዛው የማይችለው ሀብት በእጅሽ ይሆናል።

ስለ ገንዘቡም ልናገር። የውዝዋዜ ቡድን ዓመት በጾምና በበዓል የተከፈለ ነው። አሁን የነቢያት ጾም ላይ ነንና ሠርግ የለም፤ ከገና በኋላ ጥር ሲገባ ጥሪው ይጎርፋል፤ ቀጥሎ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሲመጡ እንደ ገና ይቋረጥና ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። በጥር ያገኘውን በጥር የሚያካፍል ቡድን በመጋቢት ተወዛዋዦቹን ሲበትን በዚህች ከተማ ደጋግሞ ታይቶአል። ስለዚህ የሠርጉን ገቢ ለብቻው በባንክ አስቀምጠሽ፣ ለአሠልጣኞችሽ አነስተኛም ቢሆን በየወሩ የማይቋረጥ ደመወዝ ቁረጪላቸው፤ ሽልማት የተሸላሚው ይሁን፤ በደመወዝ ምትክ ግን አይቆጠር። መላኩ በባንኮኒ ሥር ያደረው በጠባዩ ብርታት ነው፤ እንዲህ ያለውን ብርታት ከሰው ልጆች ሁሉ መጠየቅ ግን ግፍ ነው።

መስፋት ስትዪ ሁለተኛ አዳራሽ በደብረ ማርቆስ መክፈትን እንዳሰብሽ አውቃለሁ። እኔ ግን የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን እንዴት እንደ ሰፉ እንድታስቢ እለምንሻለሁ። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ፣ ጎንደር በአታ በአቋቋም ስማቸው የገነነው በሕንፃቸው አይደለም፤ ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ፣ መቋሚያ አያያዙንና የጸናጽሉን አመታት ተምሮ፣ ካስመሰከረ በኋላ ወደ ሌላ ደብር ሄዶ በመምህሩ ስም ወንበር ስለ ዘረጋ ነው። ማኅሌቱን ከእስክስታ ጋር አልቀላቅልም፤ የማኅሌቱ ክብር ለብቻው ነው። ግን ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም ከተመስጦ የተነሣ አላወቁም የሚለውን ታሪክ በሚተርክ ሕዝብ መካከል፣ በሥርዓት የተማረ ሰውነትን መናቅ እንደማይገባ ውዝዋዜውን ለማይወደው ለአባታችን ደጋግመሽ ልትነግሪው ትችያለሽ። አዝማሪነትና ውዝዋዜ ተንቆ መኖሩ የጎዳን እኛን ነው፤ በደርግ ዘመን በደብረ ማርቆስ የነበረው የግሽ ዓባይ ኪነት እንደ ድምፃዊ ይሁኔ በላይ ያሉትን ያፈራው ከዚሁ ከተናቀው ሙያ ነው።

ተማሪ መምህር ሆኖ ሌሎችን ሲያፈራ በውዝዋዜም አይተናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለው እንግሊዛዊ የዳንስ መምህር በአዲስ አበባ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ትርኢት አሠራ፤ ከእነርሱ መካከል የተመረጡት ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለው ቡድን ሆኑ። ከዚያ የወጣው ጁነይድ ጀማል በዚያው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2004 ተመርጦ ከጃፓናዊው ሊቅ ከሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አገኘ፤ በኋላም ከባልንጀራው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተው ሌሎችን ወደ ማሠልጠን ገቡ። ጎዳና ላይ የተገኘ ልጅ መምህር እስኪሆን የታገሠ ሰው ስለ ነበረ ይህ ሆነ።

እንግዲህ ከተማሪዎችሽ መካከል ትዕግሥት ያላቸውን ሁለት ለይተሽ፣ የወር ክፍያቸውን አንሥተሽላቸው፣ ትንንሾቹን እንዲያስተምሩ ከአሁኑ አስለምጃቸው፤ የደብረ ማርቆሱን አዳራሽ ከእነርሱ አንዱ ሲበቃ ትከፍቺዋለሽ። ለታኅሣሥ 28 የአማኑኤል በዓል እደርሳለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በፊት የአዳራሹን ርዝመትና ስፋት በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ፤ እዚህ አንድ አናጺ ጣውላው ስንት እንደሚፈጅ ሊያሰላልኝ ቃል ገብቶልኛል።

ወንድምሽ