ታርጋዋ ጥቁር፣ ጣሪያዋ ጨርቅ

ጣሊያንኛ ትችላላችሁ? «አንችልም» ካላችሁ እስቲ እነዚህን ስሙ፦ ታርጋ፣ ሊብሬቶ፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬኖ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ። አንድ ጠዋት እንኳ ጋራዥ ደጃፍ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ አንዱም አያስቸግራችሁም። እኔም አንድ ሙሉ የጣሊያን የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ያለ አስተርጓሚ ያነበብኩት በዚሁ በጋራዥ ጣሊያንኛ ነው።

ማስታወቂያውን በስልክ የላከልኝ ቶሪኖ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። የምትሸጠው የ1957 (እ.ኤ.አ.) ላንቻ አውሬሊያ ቢ24 ናት። ሁለት ሰው የምትጭን፣ ጣሪያዋ ጨርቅ፣ ፀሐይ ሲወጣ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ሊብሬቶዋ የመጀመሪያው፣ ታርጋዋም የጥንቱ ጥቁር ታርጋ ነው ይላል። ጣሊያን ጥቁሩን ታርጋ የተወችው በ1985 ስለሆነ፣ ይህ ማለት መኪናዋ የጥንት መዝገቧን እንደያዘች አለች ማለት ነው። ዋጋው ላይ ስደርስ ግን «ትራታቲቫ ሪዘርቫታ» የሚል ብቻ አገኘሁ። ወንድሜን ጠየቅኩት። «በእኛ አገር "ዋጋ በውስጥ መስመር" እንደሚሉት ነው» አለኝ። እኛ ብቻ የምናደርገው ይመስለኝ ነበር!

ላንቻ የሚለው ስም ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። ከመስቀል አደባባይ ወደ ጎተራ ስትወርዱ የታክሲ ረዳቱ «ላንቻ ወራጅ አለ?» የሚለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጣሊያኑ ኩባንያ ነው ይባላል። በየቀኑ እየጠራነው ከጀርባው ምን እንዳለ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ስለዚህ ጥቂት ላጫውታችሁ።

ቪንቼንዞ ላንቻ የፊያት ነጂና ተወዳዳሪ ነበር፤ በ1906 ቶሪኖ ውስጥ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። አውሬሊያ የመጣችው እሱ ካረፈ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1950 ነው። ስሟ ከሮም ተነስቶ በባሕሩ ዳርቻ ወደ ሰሜን ከሚሄደው ጥንታዊ የሮማውያን መንገድ የተወሰደ ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮቿ ሦስት ሦስት ሆነው በ«ቪ» ቅርጽ ተደርድረዋል፤ እንዲህ ያለ ሞተር ተገጥሞላት በብዛት ለገበያ የቀረበች የመጀመሪያዋ መኪና እሷ ናት። ካምቢዮዋና ፍሪሲዮኗ ከሞተሩ ጋር ፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላ ጎማዎቿ መሃል ነው የተቀመጡት፤ ክብደቷ ፊትና ኋላ እንዲመጣጠን።

ጣሪያ የሌላትን ቢ24ን የነደፋት ፒኒንፋሪና ነው። የመጀመሪያዎቹ 240 ብቻ ናቸው፤ በራቸው በውጭ በኩል እጀታ የለውም፣ ወጥቶ የሚወርድ የመስኮት መስታወትም የላቸውም። ሚሊየነሮች በጨረታ የሚሻሙት እነዚህን ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣባቸው አሉ። ከ1956 እስከ 1958 የተሠሩት 521 ደግሞ ለኑሮ እንዲመቹ ተደርገው ተሻሻሉ፤ እጀታም መስኮትም ተበጀላቸው። ወንድሜ የላከልኝ ከእነዚህ አንዷን ነው።

ይህችኑ መኪና ያየ ጣሊያናዊ ሁሉ አንድ ፊልም ትዝ ይለዋል። ዲኖ ሪዚ በ1962 ያወጣው «ኢል ሶርፓሶ» ይባላል፤ በእኛ የትራፊክ ቋንቋ «ደርቦ መቅደም» እንደ ማለት ነው። ቪቶሪዮ ጋስማን አንድ ዓይናፋር ተማሪ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ጡሩምባውን እያስጮኸ፣ በበዓል ቀን ከሮም ይወጣል። የሚሄዱት በዚያው በአውሬሊያ መንገድ ነው። ሲስቁ ውለው መጨረሻው ያማል፤ ያላያችሁት ካላችሁ አላበላሽባችሁም።

አሁን «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛም ግቢ የምትሸጥ ጣሊያናዊት አለች።

አባዬ ዕድሜውን በሙሉ መካኒክ ነበር። ሴይቼንቶውን፣ ማለትም ፊያት 600ን፣ የገዛት በ1963 ዓ.ም. ከአንድ መምህር ነው። እሷም የቶሪኖ ልጅ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ እኛ አራት ልጆች ኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ትምህርት ቤት የደረስነው በእሷ ነው። አሁን ሰባት ዓመት ሆኗታል ሸራ ለብሳ ከቆመች። አባዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበታል፤ ሕክምናውም ገንዘብ ይፈልጋል። በዚህ መሃል አንድ ሰው መጣ። ካፌ ሊከፍት ነው፤ ሞተሯን አውጥቶ፣ ሮዝ ቀለም ቀብቶ፣ በር ላይ ሊያቆማት ይፈልጋል። የሰጠው ዋጋ ደግሞ የሚናቅ አይደለም።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ታላቅ እህቴ «ዓይን ይበልጣል፣ ቆርቆሮ ይሸጥ» አለች፤ እውነቷን ነው። እኔ ደግሞ ሮዟን ሴይቼንቶ ባሰብኩ ቁጥር ጉሮሮዬ ይታነቃል፤ እሱም እውነት ነው። የቶሪኖው ማስታወቂያ የደረሰኝ ይህ ጭቅጭቅ በጦፈበት ሳምንት ነው።

ደጋግሜ ሳነበው ሻጮቹ እኛን መሰሉኝ። የመጀመሪያው ባለቤት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው አርፏል፤ ማስቀመጫ ጋራዥ የላቸውም። ግን እንዴት አድርገው እንደሚሸጧት ተመልከቱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯ አንድ ላይ ከፋብሪካ የወጣ መሆኑን፣ የትኛው ፓራፋንጎ መቼ እንደተቀባ፣ የቱ ጋ ዝገት እንዳለባት፣ ስንት ጊዜ ሞተሯ እንደወረደ፣ ሁሉንም ጽፈዋል። አባታቸው የያዘውን የጥገና ደብተር ፎቶ አንስተው አያይዘዋል። ጉድለቷን አልደበቁም። የአሮጌ መኪና ዋጋ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ታሪኳ የተመዘገበላት መኪና እና ታሪኳን ማንም የማያውቃት መኪና እኩል አይሸጡም።

ማስታወቂያውን ለአባዬ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ካምቢዮዋ ከኋላ መሆኑን ስነግረው «ጎበዝ፣ ሚዛን ነው የፈለጉት» አለ። ከዚያ ማናችንም ያልጠየቅነውን ጥያቄ ጠየቅኩት፤ «አባዬ፣ አንተ ምን እንድናደርጋት ትፈልጋለህ?»

«ልጄ፣ መኪና ካልሄደ ቆርቆሮ ነው» አለኝ። «ሽጧት። ግን ከዚህ ግቢ በራሷ ሞተር ትውጣ። ለሚነዳት ሰው።»

ስለዚህ አሁን ሥራ ላይ ነን። ወንድሜ የካርቡራተርና የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ቶሪኖ ውስጥ ያለ ችግር አግኝቷል። የአውሬሊያ ባለቤት ለአንድ ብሎን ወራት ሊጠብቅ ይችላል፤ የሴይቼንቶ ግን ጣሊያን ውስጥ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርታለችና ዕቃዋ ዛሬም አይጠፋም። ብርቅ አለመሆንም አንዳንዴ ዕድል ነው። ታላቅ እህቴ የሐኪሙን ቀጠሮ አስይዛለች፤ የሕክምናውን ቅድሚያ ክፍያ አራታችን ተካፍለን ከፍለናል፤ ሽያጩ አባዬን እንዳያስጠብቀው። ለካፌው ሰው ደግሞ ሞተሯ እንደማይወጣ ነግረነዋል። «አስቤበት እደውላለሁ» ብሏል።

እናንተም ቤት ሸራ የለበሰ ነገር ይኖር ይሆናል፤ ቬስፓ፣ ሲንገር የልብስ ስፌት መኪና፣ የአያት ሬዲዮ። ይሸጥ አይሸጥ ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። ባለቤቱ በሕይወት ካለ እሱን ጠይቁት። ሊብሬውን፣ ደረሰኙንና የድሮ ፎቶግራፉን አንድ ፖስታ ውስጥ ሰብስቡ። ቀለም ለመቀባት አትቸኩሉ፤ የጥንቱ ቀለም ቢላላጥም ከአዲሱ ይበልጣል።

የእኛዋ ደብተር አልነበራትም። አሁን ሊኖራት ነው። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ይዛ አያቷ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ትናንት የደረሱት በ1971 ዓ.ም. ናዝሬት መንገድ ላይ የተበጠሰው የፍሪሲዮን ገመድ ጋ ነው። «"ፍሪሲዮን" እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። ገና ብዙ ገጽ ይቀራቸዋል።