እማዬ፣ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ

ውድ እማዬ፣

ባለፈው እሁድ በስልክ «ያኔ በኮሮና ጊዜ ልጅ እናቱን እንዳይጠይቅ በር የዘጋችሁት በምን አንጀታችሁ ነው?» ስትይኝ መልስ አጥቼ ወሬ ቀየርኩብሽ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። በስልክ አልችለውም፤ ልጻፍልሽ።

የካቲት 2012 ላይ በሽታው ዋሽንግተን ስቴት፣ ኪርክላንድ በምትባል ከተማ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ ማለት የአዛውንት መጦሪያ ቤት፣ ገብቶ በሳምንታት ውስጥ ከ30 በላይ ሰው ገደለ። እኛ ሜሪላንድ እንዲህ ባለ ቤት የምንሠራው በቴሌቪዥን እያየን ተራችንን እንጠብቅ ነበር። መጋቢት 4፣ አዲስ አበባ የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ በተባለበት በዚያው ዓርብ፣ እነዚህን ቤቶች የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ትእዛዝ አወጣ። በመላ አገሪቱ ጠያቂ አይግባ፣ አዛውንቱ ተሰብስበው አይብሉ፣ ለሞት ከተቃረበ ሰው ቤተሰብ በቀር ለማንም በር አይከፈት ተባለ። በማግስቱ የጠዋት ተረኛ ነበርኩ። ሙቀት መለኪያ አስይዘው በሩ ላይ ያቆሙኝ እኔን ነው።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ምሳ ሰዓት ላይ እየመጡ ሚስታቸውን የሚያጎርሱ። ሚስታቸው 84 ዓመታቸው ነበር፤ የመርሳት በሽታ ጸንቶባቸው የራሳቸውን ስም እንኳ አያውቁም። ማንኪያ ስናቀርብላቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ያዞራሉ። ባላቸው ግን አውራ ጣታቸውን በሚስታቸው አገጭ ላይ ያሳርፉና ምንም ሳይናገሩ ይጠብቃሉ። ቆየት ብሎ አፋቸው ይከፈታል። ጉርሻ የማያውቅ አገር ውስጥ ያየሁት ጉርሻ ይኸው ነው፤ ባየኋቸው ቁጥር አንቺ ነበርሽ ትዝ የምትይኝ።

ያን ቀን እኒህን ሰው ከደጅ መለስኳቸው። «አንቺ ትገቢያለሽ፤ እኔ ለምን አልገባም?» አሉኝ። እማዬ፣ እውነታቸውን ነበር። እኔ በአውቶቡስ ተጋፍቼ የምመጣ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። በሽታው በኋላ ወደ ብዙ ቤቶች የገባው ምልክት ሳይታይብን ስንሠራ በቆየነው በእኛው በሠራተኞቹ በኩል ነው። መመርመሪያ አልነበረም፤ አንዱን ማስክ በወረቀት ከረጢት እያስቀመጥን ለቀናት እናደርገው ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሩ መዘጋቱ ስህተት ነበር አልልሽም። ምን እንደመጣብን ሳናውቅ ሌላ ምን እናደርግ ነበር? ያጠፋነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ታጣፊ ወንበር ይዘው እየመጡ በመስኮቱ በኩል ይቀመጡ ጀመር። መስታወቱን ሲያንኳኩ ሴትየዋ ድምፁ ከየት እንደመጣ ስለማይገባቸው ጣራ ጣራውን ያያሉ። በታብሌት ሞከርን፤ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም እንደ ባላቸው አውራ ጣቴን አገጫቸው ላይ አሳረፍኩ። ጓንቱ ነው መሰለኝ፣ እምቢ አሉ። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ አወጣቸው ነበር። መጋቢት ላይ 58 ኪሎ የነበሩት ሴት ነሐሴ ሲያልቅ 49 ገቡ። ቁጥሩን በእጄ እየጻፍኩ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ያ ዝምታ ነው።

መስከረም 7 ቀን 2013 አዲስ መመሪያ ወጣ። ግቢ ውስጥ መጠየቅ ተፈቀደ። ቤቱ ለ14 ቀን አዲስ በሽተኛ ካልተገኘበትና በካውንቲው ከተመረመረው 100 ሰው ከ10 በላይ ካልተያዘ፣ ቤት ውስጥም ይቻላል ተባለ። እኔን ቀጥ ያደረገኝ ግን ሌላ አንቀጽ ነው። ስለ ርኅራኄ የሚፈቀደው ጥየቃ ለሚሞት ሰው ብቻ አይደለም ይላል። ቤተሰብ እያባበለ ያበላው የነበረ ሰው አልበላ ብሎ ከከሳ፣ ሲያወራ የኖረ ሰው ዝም ካለ ወይም ማልቀስ ካበዛ፣ የቅርብ ሰው ከሞተበት፣ ጠያቂ ይግባለት ይላል። ሴትየዋን አይቶ የጻፈው ነው የመሰለኝ።

ወረቀት ስለመጣ ግን በር አይከፈትም። የእኛ ኃላፊዎች «ገና ለሞት አልደረሱም» አሉ። በዚያን ጊዜ በሳምንት ሁለቴ አፍንጫችን እየተጠረገ እንመረመራለን፣ ግማሹ ሠራተኛ ለቋል፣ ሁሉም ፈርቷል፤ አልፈርድባቸውም። የስድስት ወሩን የሚዛን መዝገብ ኮፒ አድርጌ የነርሶቹ አለቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ፈቀዱ።

ሽማግሌውን ማስክና ጋውን አልብሼ ያስገባኋቸው እኔው ነኝ። እጃቸውን ታጠቡ፤ ጎንበስ ብለው አውራ ጣታቸውን በሚስታቸው አገጭ ላይ አሳረፉ። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ቆምኩ። አራት ደቂቃ። ከዚያ አፋቸው ተከፈተ። የተፈጨ ድንች ነበር፤ ግማሽ ሳህን በሉ። ኮሪደር ወጥቼ ማስኬ እስኪረጥብ አለቀስኩ፣ መለወጫ ደግሞ አልነበረኝም።

ሴትየዋ ኅዳር ላይ ዐረፉ፤ ባላቸው እጃቸውን ይዘው ነበር። ታኅሣሥ ክትባቱ መጣ። መጋቢት ላይ የተከተቡ አዛውንት የመጣላቸውን ሰው እንዲያቅፉ ተፈቀደ፤ በኅዳር 2014 ጠያቂ በማንኛውም ሰዓት ይግባ ተባለ። እስከዚያ በአሜሪካ እንዲህ ባሉ ቤቶች ያለቀው አዛውንትና ሠራተኛ ከመቶ ሺህ በላይ ነው። ዛሬ አዲስ ልጅ ሳሠለጥን አስቀድሜ የማሳየው የሚዛኑን መዝገብ ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ጩኺ እላታለሁ።

አባዬ ያረፈው በሩ በተዘጋበት ዓመት፣ በ2012 ሰኔ ነው። ከአራት ሰው በላይ አይሰብሰብ በተባለበት ጊዜ፣ ለቅሶ ደራሹ ከደጅ እያለቀሰ እንደተመለሰ ነግረሽኛል። እኔ የሌሎችን ልጆች ከበር ስመልስ ውዬ ማታ ቀብሩን በስልክ አየሁ። ብመጣም ከአውሮፕላን ወርጄ የምገባው ለይቶ ማቆያ ነበር። ያኔ አንድም ነገር አልጠየቅኩሽም፤ ብጠይቅሽ ተረኛነቴን ትቼ የምወድቅ መስሎኝ ነበር።

አሁን ልጠይቅሽ። አባዬን በመጨረሻዎቹ ቀናት ያጎርሰው የነበረው ማን ነው? ይበላ ነበር? ቀስ ብለሽ፣ ምንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ