የቅድመ አያቴ ቆብ

ፈረስ መጋላ ስሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው እንጂ ዛሬ ፈረስ የለበትም፤ የሚንጫጫው ባጃጅ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ አንድ ፈረስ በብብቴ ይዤ አልፌበታለሁ፤ ያውም በፎቶግራፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሚያዝያ 27 የድል በዓል እያንዳንዱ እጩ መምህር ከቤቱ አንድ የቆየ ነገር አምጥቶ ከሥሩ መግለጫ እንዲጽፍ ታዘዝን። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ የአያቴ አባት ፈረስ ላይ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ። አርበኛ ነበሩ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እኔም «አርበኛው ቅድመ አያቴ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ይዤው ወጣሁ። ለማሳጠር የሰጠሁትን ሱሪ ልቀበል በመኪና ግርግር በኩል አለፍኩ። (ለአዲስ ገቢዎች፦ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ጩኸት ነው።)

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞሩት። ፊቱን አላዩም፤ ልብሱን ነው ያዩት።

«ምን ነበሩ አልከኝ?»

«አርበኛ፣ አባባ።»

«ይሄ ቆብ እኮ የጣሊያን ነው፣ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን በመርፌ ጫፍ እየነካኩ አስረዱኝ። ረጅሙ ቆብ ጣርቡሽ ነው፤ ከጎኑ ዘርፍ ወርዷል። ወገቡ ላይ ሰፊ ድግ ተጠምጥሟል፤ ከድጉ በላይ የቆዳ ዝናር አለ። የአስካሪ ልብስ ነው።

«ማርከው ለብሰውት ቢሆንስ?» አልኩ።

«የተማረከ ልብስ እንዲህ ልክ አይሆንም። ትከሻውን እይ፣ እጅጌውን እይ።»

ምን ይመለሳል? ለልብስ ሰፊ ስለ ልክ አይነገርም።

በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ። የልብስ ምልክት በየአገሩ አለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውስትራሊያ ፈረሰኞች ባርኔጣቸው ላይ በሚሰኩት የኢሙ ላባ ይታወቁ ነበር፤ የኛ ጀግና ደግሞ በአንበሳ ጎፈሩ። በኢጣሊያ የቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ እያንዳንዱ የአስካሪ ሻለቃ የራሱ የድግ ቀለም ነበረው። ቀለሙን ያየ ክፍሉን ያውቃል። የኛ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ድጉ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ፈረሰኞችም ነበሯቸው፤ አሜዴኦ ጊዬ የሚባል መኮንን የመራቸው የአማራ ፈረሰኞች ጥር 13 ቀን 1933 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ከሩ ላይ የእንግሊዝን ጦር በፈረስ ገጥመዋል። ስድብ ያደረግነው «ባንዳ» የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ እንዲህ ላለው የአገሬው ተዋጊ ቡድን የተሰጠ ስም ነበር። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ።

ልብስ ሰፊው ግን አንድ ነገር ጨምረውልኝ ነበር። «እግሩንም እይ እንጂ» አሉኝ። አየሁ። ጫማ የለም፤ አውራ ጣት ብቻ በጠባብ እርካብ ቀለበት ውስጥ ገብታለች። የአገራችን ፈረሰኛ የሚቀመጠው እንደዚያ ነበር። ኮርቻውም የአገር ነው።

አያቴን ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ አባታቸውን በክፉ ማንሣት ቀላል አይደለም። ቡና እየቆሉ ሳሉ ስለ ቆቡ ብቻ ጠየቅኋቸው፤ ስለ እርካቡ ትንፍሽ አላልኩም። ቡናው ሊያርር እስኪል ዝም አሉ።

«ልብሱን የሰጧቸው እነሱ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «ፈረሱ ግን የራሳቸው ነበር።»

ከዚያ በኋላስ? ፈረሱን ይዘው ጠፉ ወይስ እስከ መጨረሻው አብረው ነበሩ? አልነገሩኝም፤ እኔም አልደገምኩም።

መግለጫውን እንደገና ጻፍኩት። «አርበኛ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ «ባንዳ» ብዬም አልጻፍኩም። አሁን ፎቶው በስተግራ ካለው ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ያለው ይኸው ነው፦ «ፈረሰኛ። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተነሣ። ልብሱ የኢጣሊያ፣ ኮርቻው የአገር።»