ከወንበር በኋላ ያለችው ዓመት

ዛሬ ቡናው እስኪፈላ የማነሣው ጨዋታ ስለ ስንብት ነው። የትልልቅ ባለሥልጣናትን ስንብት ማለቴ አይደለም፤ እሱ ብዙ ተወርቶለታል። እኔ ያሰብኩት የውሃ ባለሙያዎች ማኅበር መሪ የሥራ ዘመኑን ሲጨርስ ስለሚሆነው ነገር ነው። የግድብና የማጣሪያ መሐንዲሶች፣ የላቦራቶሪ ኬሚስቶች፣ የፓምፕ ጣቢያ ኦፕሬተሮች፣ ዕድሜያቸውን በመስመር ጥገና ያሳለፉ የቧንቧ ሠራተኞች ተሰብስበው «አንተ ምራን» ያሉት ሰው ዘመኑ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ማኅበሩስ ከእሱ ምን ይቀርለታል?

ለዚህ ጨዋታ የአሜሪካ ውሃ ሥራዎች ማኅበርን አንሥቼ ልጀምር። የተቋቋመው በ1881 በሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሃያ ሁለት ሰዎች በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሰብስበው መተዳደሪያ ደንብ አጸደቁ። ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዴንቨር ነው፤ አባላቱም 50,000 ገደማ ደርሰዋል። የዚህ ሁሉ ሕዝብ ፕሬዚዳንት በወንበሩ ላይ የሚቆየው ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሰኔ ላይ በሚደረገው ዓመታዊ ጉባኤ አንዱ ይሸኛል፣ ሌላው ይተካል።

አንድ ዓመት በውሃ ሥራ እጅግ አጭር ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ዛሬም ከለገዳዲ ትጠጣለች፤ ግድቡ የተጠናቀቀው በ1970 ነው። የሠሩት ሰዎች ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ውሃው አሁንም ይመጣል። በደንብ የተቀበረ የብረት ቧንቧ መቶ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። የማኅበሩ ዋና ሥራ የሆነው የደረጃ ዝግጅትም ጊዜ የሚፈልግ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ የወጣው በ1908 ሲሆን፣ የሚመለከተውም የብረት ቧንቧን ነበር። ዛሬ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ቫልቩ፣ ስለ ቆጣሪው፣ ስለ ማከሚያ ኬሚካሉ የሚናገሩ ከ150 በላይ ደረጃዎች አሉ፤ የእኛ አገር መሐንዲሶችም በጨረታ ሰነድ ላይ ያውቋቸዋል። እያንዳንዱን የሚጽፉት በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ኮሚቴዎች ናቸው፤ ቢዘገይ በየአምስት ዓመቱም ተመልሰው ያዩታል። እንግዲህ የአንድ ዓመት ፕሬዚዳንት አንድን ደረጃ ሲጀመርም ሲያልቅም ከወንበሩ ሳይነሣ ማየት አይችልም። ከቀዳሚው የጅምር ሥራ ይረከባል፤ ለተተኪውም ጅምር ያስረክባል። ሁሉንም ልጨርስ ብሎ የተነሣ ሰው ቅር ብሎት መውጣቱ አይቀርም።

እኔን የሚያስደስተኝ ለዚህ ያበጁት ዘዴ ነው። ሰውየው ወንበሩን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ተመራጭ ፕሬዚዳንት ሆኖ ይቆያል። ከጨረሰ በኋላም አንድ ዓመት «የቀድሞው ፕሬዚዳንት» ተብሎ ከአመራሩ ጋር ይቀመጣል። ስለዚህ በማንኛውም ጊዜ የሚመጣው፣ ያለውና የሄደው ሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይገኛሉ። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሠሩት ደሞዝተኛ ሥራ አስፈጻሚና ሠራተኞቹ ናቸው።

ከሦስቱ ዓመታት እኔ የማከብራት ሦስተኛዋን ነው። በመጀመሪያዋ ሰውየው ይማራል። በሁለተኛዋ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዞራል፣ ንግግር ያደርጋል፣ ሽልማት ይሰጣል፤ ለማሰብ እንኳ ፋታ የለውም። በሦስተኛዋ ሥልጣኑ ሄዶ እውቀቱ ይቀራል። አዲሱ መሪ «ይሄ ውል ለምን እንዲህ ተፈረመ?» ቢል ሲፈረም የነበረ ሰው አጠገቡ አለ። ከባድም ናት። ትናንት የደከመበት ዕቅድ ዛሬ ሲታጠፍ እያየ፣ ካልተጠየቀ በቀር አፉን መዝጋት አለበት። ይህን የቻለ ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ከፕሬዚዳንትነቱ ዓመት የበለጠ አገልግሏል።

ከወንበሩ ወጥተው ሥራቸው ካላለቀባቸው ሰዎች ሁሉ የምወዳቸው አቤል ዎልማንን ነው። በ1892 በባልቲሞር ተወለዱ። በሜሪላንድ የጤና መሥሪያ ቤት ወጣት መሐንዲስ ሳሉ አንድ ችግር ያስጨንቃቸው ነበር። ክሎሪን ለከተማ ውሃ ማከሚያ መዋል ከጀመረ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ጀርዚ ሲቲ በ1908 ጀምራዋለች። መጠኑን ግን በልኩ ማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ቢያንስ በሽታ ያልፋል፤ ቢበዛ ሽታውና ጣዕሙ ሰውን ከውሃው ያርቀዋል። የአንዱ ወንዝ ውሃ የሚፈልገው መጠን ደግሞ ለሌላው አይሆንም። ዎልማን ከኬሚስቱ ከሊን ኤንስሎ ጋር ሆነው እያንዳንዱን ውሃ በጠባዩ መርምሮ የክሎሪኑን መጠን የሚያወጣ ስሌት አበጁ፤ በ1919ም አሳተሙት። ዛሬ አንድ የማጣሪያ ጣቢያ ኬሚስት የውሃውን ናሙና ቀድቶ የቀረውን ክሎሪን ለክቶ መጠኑን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ፣ በእነዚያ ሁለት ወጣቶች መንገድ እየሄደ ነው።

ዎልማን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የሆኑት በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ተመልከቱልኝ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1962 አስተማሩ። በ1965፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ላይ ከተማን እንደ ሕያው አካል የሚያይ ጽሑፍ አወጡ፤ ውሃ፣ ምግብና ነዳጅ ይገባል፤ ፍሳሽ፣ ቆሻሻና ጭስ ይወጣል፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ለኩ፣ አሉ። የከተማን ሀብት የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ይህን ጽሑፍ እንደ መነሻ ይጠቅሱታል። በ1974 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተሸለሙ። በዘጠና ስድስት ዓመታቸው በ1989 አረፉ። የፕሬዚዳንትነቷ ዓመት በዚህ ሁሉ መካከል ያለች አንዲት ዓመት ናት። ወንበሩ ሲለቀቅ ሰውየው አብሮ ያለቀ ለሚመስላቸው የእሳቸውን ታሪክ ደጋግሜ እነግራለሁ።

ሌላም አለ። በ1991 ከዚያው ማኅበር ሰዎች መካከል ዋተር ፎር ፒፕል የተባለ ድርጅት ተወለደ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኬን ሚለር ናቸው። ድርጅቱ በሩዋንዳ፣ በዩጋንዳ፣ በማላዊና በሌሎችም አገሮች እየሠራ ዘልቋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሥልጣንን በጊዜው ማስረከብን ከዴንቨር መማር አያስፈልገንም፤ ቦረና አለልን። አባ ገዳ ስምንት ዓመት ይመራል፤ ስምንተኛው ሲሞላ ያስረክባል። ካስረከበ በኋላ ወደ ዩባነት ይሸጋገራል፤ ለረጅም ዓመታት የሚመከር፣ የሚጠየቅ፣ የሚሰማ ሰው ይሆናል። የቀድሞው መሪ የት እንደሚቀመጥ ሥርዓቱ አስቀድሞ ያውቃል። በ2025 ኩራ ጃርሶ ለጉዮ ቦሩ ያስረከቡት በዚሁ ሥርዓት ነው። በኩራ ጃርሶ ዘመን አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት አልቋል፤ ያ መከራ ያተረፈው እውቀት ከሰዎቹ ጋር እንዲጠፋ አለመደረጉ ትልቅ ነገር ነው።

ቦረናን ያነሣሁት የውሃ ሰዎችም ስለሆኑ ነው። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች ዘንድ ሰዎች በደረጃ ቆመው፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ወደ ላይ ያወጡታል። አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ፤ የማን መንጋ መቼ እንደሚጠጣ ተራውን የሚያስከብረው እሱ ነው። ኤላውን የቆፈረው ሰው ዘር የክብር ቦታ አለው፤ ያም ሆኖ ተራ ተራ ነው። በሰሜንም በመስኖ ሰፈሮች ገበሬው የሚመርጠው የውሃ አባት አለ። ውሃን በሹመትና በተራ ማስተዳደር ለእኛ የቆየ ልማድ ነው።

ታዲያ በዘመናዊው የሙያ ማኅበር ላይ ለምን ይቸግረናል? የሰው እጥረት የለብንም። አርባ ምንጭ የውሃ ትምህርት ተቋም ከተከፈተበት ከ1986 ጀምሮ ስንት የውሃ መሐንዲስ አፍርቷል። የሚቸግረን ርክክቡ ነው። ማኅተሙ ይተላለፋል። የባንክ ፊርማ ይቀየራል። ቃለ ጉባኤና የአባላት መዝገብ በፎርም ተፈርሞ ይረከባል። በፎርሙ ላይ የማይሰፍረው ግን ብዙ ነው። ለየትኛው ክልል ኦፕሬተሮች ሥልጠና ቃል ገብተን ነበር? የትኛው ቅርንጫፍ በምን ተቀይሞ ራቀ? ከሚኒስቴሩ ጋር የተጀመረው የደንብ ንግግር የት ላይ ቆመ? ይህ ሁሉ ያለው በተሰናባቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው። በጠቅላላ ጉባኤው ማግሥት፣ ካባው ተደርቦለት፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ፣ ከእነ እውቀቱ ቤቱ ይገባል።

ክፋት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ተሰናባቹ «ሥልጣኑን አልለቅም አለ እንዳይሉኝ» ብሎ አይደውልም። አዲሱም «አልቻለም እንዳይሉኝ» ብሎ አይጠይቅም። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ይጠባበቃሉ፤ በመካከሉ የተጀመረው ሥልጠና ይቀራል፣ ቃል የተገባላቸው ኦፕሬተሮች ያዝናሉ። ይሉኝታን በምክር ማሸነፍ ከባድ ስለሆነ እኔ የማምነው በመተዳደሪያ ደንብ ነው። በደንብ የተጻፈ ግዴታ ሁለቱንም ነፃ ያወጣቸዋል፤ ያኔ መደወልም መጠየቅም ሥራ ይሆናል፤ ማንም ማንንም አያማም።

ስለዚህ የማኅበር አባል የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንዲት አንቀጽ እንዲጨመር ሐሳብ አቅርቡልኝ፦ ተሰናባቹ ሊቀመንበር ከርክክቡ በኋላ ለአንድ ዓመት፣ ድምፅ ሳይኖረው፣ ሰነድ ሳይፈርም፣ በሥራ አስፈጻሚው ስብሰባ ይገኛል። «አዲሱን ይጋርደዋል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክለኛ ሥጋት ነው። ለዚህ ነው ድምፅና ፊርማ የተነሣው፤ ለዚህም ነው ዓመቱ ሲሞላ መቀመጫው ለቀጣዩ ተሰናባች የሚለቀቀው። ዘመናችሁ ዘንድሮ የሚያልቅ መሪዎች ደግሞ አንቀጹ እስኪጸድቅ አትጠብቁ። ከጉባኤው ሦስት ወር ቀድማችሁ ያልተጠናቀቀውን ሁሉ ጻፉት፤ ከእያንዳንዱ ጎን ጉዳዩን የሚያውቀውን ሰው ስምና ስልክ አስፍሩ፤ ተተኪያችሁንም ይዛችሁ ከእነዚያ ሰዎች ጋር በአካል አስተዋውቁት።