ቼሩሊ ስለሚባል የቤተ ሰብ ስም

በወላይታ ሶዶ ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ አስቀድሞ ጎሣን ይጠይቃል፤ ከአንድ ጎሣ የተወለዱ አይጋቡምና። የኢጣልያኖችም የቤተ ሰብ ስም እንዲሁ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ እንደ እኛ በአያት አይቆምም። እኔም የሁለት ቼሩሊዎችን መጻሕፍት በቤቴ አኑሬአለሁ። ኤንሪኮ ለወላይትኛ ዘመድ የሆኑትን የባስኬቶንና የዛይሴን ቋንቋዎች መርምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1938 አሳተመ፤ ሊቅነቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን ያው ሰው በወረራው ዘመን ሐረርን ገዝቶአል፤ ከጦርነቱም በኋላ ኢትዮጵያ በጦር ወንጀል እንዲጠየቁ ካስመዘገበቻቸው የኢጣልያ ሹማምንት አንዱ ነው። ኤርኔስታ ግን በ1956 ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች መጽሐፍ ጻፈች እንጂ አገር አልገዛችም። ልጆቼ መጽሐፍዋን ባነሡ ጊዜ የኤንሪኮን ዕዳ በእርስዋ ላይ እንዲቈጥሩ አልፈቅድም፤ የኤንሪኮንም መጽሐፍ ሹመቱን ሳልነግራቸው አልሰጣቸውም።