ለብ ያለ ማዕድ

መርካቶን በዓይኑ የሚያውቅ ብዙ ነው፤ በርበሬ በረንዳን ግን ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ገና ሁለት መንገድ ሲቀረው ጉሮሮው ይከረከራል፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እንግዳው መሀረቡን ሲፈልግ የሰፈሩ ሰው «ይማርህ» ብሎት መንገዱን ይቀጥላል።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቆየበት ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውሮ «መርካቶ» የሚለውን ስም ትቶልን ሄደ። የየተራውን ስም ያወጣነው ግን እኛው ነን። እህል የሚሸጥበትን እህል በረንዳ፣ በርበሬ የሚሸጥበትን በርበሬ በረንዳ አልነው። ከማረቆና ከሀላባ የመጣው ዛላ በጆንያ ተቆልሎ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ እርዱ፣ አብሹ፣ ኮሰረቱ በየመደቡ ተሰይሞ ገዢውን ይጠብቃል።

አባቴ በዚያ በረንዳ 34 ዓመት በርበሬ ሸጧል። እኔና ሦስት እኅቶቼ የተማርነው በዛላ ነው፤ የዲግሪዬን ወረቀት ባየሁ ቁጥር ጠርዙ ቀይ ይመስለኛል። ዛሬ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። ከዚያ ሰፈር የመጣውን ብር ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ፤ መቁጠሪያው ማሽን ውስጥ ሲገባ ያስነጥሰኛል። ባልደረቦቼ ይስቃሉ። እኔ አባቴን አስባለሁ።

ባለፈው ዓመት የአባቴ ጨጓራ እንቅልፍ ነሣው። የመረመረው ሐኪም ቁስለት መሆኑን ነግሮን፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ቃሪያ እርም ይሁኑ አለ። አባቴ ምንም አልመለሰም። ከሕክምናው ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ነው፣ ወደኔ ሳይዞር፣ «አልጫ የሚበላ ሰው በርበሬ በረንዳ ቆሞ ምን ብሎ ይሸጣል?» ያለኝ።

ሲነገር ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ ግን አልነበረም። በእኛ ቤት በርበሬ የሌለበት ወጥ ስም የለውም። አባቴ ከመሶቡ ዳር ተቀምጦ አንድ ሁለት ይቆርስና እጁን ይሰበስብ ጀመር። በሁለት ወር ውስጥ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በሳ። እናቴ ቀዳዳዎቹን ትቆጥራለች፤ እኔም እቆጥራለሁ፤ ሁለታችንም አንናገርም።

እኔ መጽሐፍ አንባቢ ነኝና በነገር ላባብለው ሞከርሁ። «አባዬ» አልሁት፣ «በርበሬ እኮ ራሱ እንግዳ ነው። ዘሩ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ በባሕር የዞረው ባለፉት 500 ዓመታት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት አባቶቻችን ያለ እሱ በልተው ያድሩ ነበር። የእኛ አፈር ያበቀለው ኮረሪማው ነው።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እንግዳው ነው ያሳደገህ» አለኝ።

ሾርባ ይሠራ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ባለቤቴ ናት። የተቃወመችው ደግሞ እናቴ ናት፤ ተቃውሞዋም ቀላል አልነበረም። «ሾርባ የሆስፒታል ምግብ ነው፤ ደግሞ ማዕድ ይለያያል» አለች። ወዳጄ አንባቢ፣ ይህን ንግግር ቀለል አድርገህ አትለፈው። እንጀራ አንድ ገበታ ይፈልጋል፤ እጅ ከእጅ ያገናኛል፤ ጉርሻ ያስከትላል። ሾርባ ግን ለእያንዳንዱ የራሱን ሳሕንና የራሱን ማንኪያ ይሰጠዋል። ሾርባ በማንኪያ የሚጎረሰው ሕፃንና በሽተኛ ብቻ ነው። አባቴን ከገበታው ለይቶ ሳሕን መስጠት «አንተ ከእኛ ወጥተሃል» እንደ ማለት ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ተወሰነ፤ ሾርባው ከተሠራ ቤቱ ሁሉ ይበላል፣ ሕፃናቱም ጭምር።

አትክልቱን የምገዛው እኔ ነኝ። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለአንድ ድስት ያህል ከሰፈራችን ጉልት ይበቃኛል፤ አራት ድንች፣ ሦስት ካሮት፣ አንድ ቁራጭ ዱባ፣ አንድ ባሮ ሽንኩርትና አንድ እስር የአበሻ ጎመን። አይቡ ግን የእናቴ ሥራ ነው። ወተቱን በወይራ በታጠነ ዕቃ ታረጋዋለች፤ ከቀናት በኋላ ትንጠውና ቅቤውን ታወጣለች፤ የቀረውን አሬራ በዝግ እሳት ላይ ትጥዳለች። አሬራው ሳይፈላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ነጩ አይብ ይሰበሰባል፤ አጓቱ እንደ ጥሩ ውሃ ይለያል። በሌላ ቤት አጓቱ ይደፋ ይሆናል። በእኛ ቤት የሾርባው መረቅ ሆኗል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሽንኩርቱ በአንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ሳይጠቁር ይቁላላል። ድንቹ፣ ካሮቱና ዱባው ተከትፈው ይገባሉ፤ ጥቂት እርድ ይነሰነስባቸውና በውሃ ይበስላሉ። አጓቱ የሚጨመረው ድንቹ ከለሰለሰ በኋላ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ድንች ቶሎ አይበስልም። ደቅቆ የተከተፈው ጎመን ይከተላል። አይቡ የመጨረሻው ነው፤ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ። የእኛ አይብ እንደ ፈረንጅ አይብ ቀልጦ አይሳብም፤ ቢያፈሉት ይጠጥራል እንጂ አይሟሟም። ለብ ባለው ሾርባ ላይ ሲፈረፈር ግን ሳይጠፋ ይለሰልሳል። ጎመን በአይብን፣ ጉራጌዎች ዝማሙጃት የሚሉትን፣ የሚያውቅ ሰው ይህን ጣዕም አይስተውም፤ ያው ዘመድ ነው፣ መረቅ ለብሶ የመጣ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ባለቤቴ ከሱቅ በላስቲክ የታሸገ የተፈጨ ኮረሪማ አምጥታ ነበር። ልትጨምር ስትል አባቴ፣ ሳይጠራ፣ ወደ ማእድ ቤት ገባ። እሽጉን ከእጇ ተቀብሎ አሸተተው። «ይሄ ሞቷል» አለ። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥቂት የኮረሪማ ፍሬ በወረቀት ጠቅልሎ ተመለሰ። ፍሬውን በጥፍሩ ፈለቀቀው፤ ጥቁሩን ዘር በሙቀጫ ወቀጠው፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። «አባባ፣ ይቅመሱልኝ እስቲ» አለችው ባለቤቴ። ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ፤ «ጥቂት ነጭ አዝሙድ» አለ። እናቴ አዝሙዱን አቀበለችው።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። በርበሬ ጉልበተኛ ነው፤ የሌላውን ቅመም ድምፅ ይሸፍናል፤ ያረጀውን ኮረሪማ፣ የነቀዘውን ድንብላል ተሸክሞ ያልፋል። አልጫ ድስት ግን ማንንም አይሸፍንም። አባቴ በ34 ዓመት ውስጥ የተማረው በርበሬን ብቻ አልነበረም፤ የትኛው ፍሬ ሕያው፣ የትኛው ሙት እንደ ሆነ መለየትን ጭምር ነው። ይህን ዕውቀቱን ደግሞ የሚፈልገው በርበሬ የሌለበት ድስት ነው።

አይብ ከበርበሬ ጋር የቆየ ውል አለው። የበርበሬን ማቃጠያ፣ ካፕሳይሲን የሚሉትን፣ ውሃ አያጥበውም፤ ከስብና ኬዚን ከሚባለው የወተት ፕሮቲን ጋር ግን ይያያዛል። እናቶቻችን ይህን ከማንም ሳይማሩ ሚጥሚጣ የጠጣውን ክትፎ ከአይብ ጋር አጎራብተው አቀረቡት። አባቴም ዕድሜውን ሙሉ እሳቱን ከማጥፊያው ጋር ሲበላ ኖሯል ማለት ነው። አሁን እሳቱ ቀረና ማጥፊያው ብቻውን ቀረበ።

የማዕዱን ነገር የፈታችው እናቴ ናት። ሾርባው በየሳሕኑ ከተቀዳ በኋላ አይቡን በአንድ ጣባ ይዛ ቆመች። ለማንም አላቀበለችም። በየተራ እየዞረች በእያንዳንዳችን ሳሕን በእጇ ፈረፈረችው፤ ለአባቴ፣ ለባለቤቴ፣ ለልጆቹ፣ ለእኔ። «ጉርሻ እንዳይቀር» አለች። ልጆቹ ሳቁ። አባቴ ሳሕኑን ጨረሰና ጨመረ።

ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢዩም ጾም አይብና ቅቤ ወደ ድስቱ አይገቡም። ያን ጊዜ የሱፍ ውሃ ይተካል፤ ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ነገር ግን አይፈረፈርም። እናቴ በእነዚያ ቀናት ባዶ እጇን ዞር ዞር ታደርጋለች፤ የምትጨምረው አጥታ የእንጀራ ድርቆሽ ትቆርስልናለች።

ከሥራ መልስ፣ በገቢ ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ ይህችን ጻፍሁ፦

እሳቱን ሸጠልን፣ ዕድሜውን መንዝሮ፤
አሁን ለብ ያለ ነው የሚሻው ከኑሮ።

ለአባቴ አላነበብሁለትም። ግጥም የሚገዛ ሰው አይደለም፤ አሽትቶ «ሞቷል» ቢለኝስ? ቀበቶውን ግን ባለፈው ሳምንት አየሁት። ካስማው ከመጨረሻው ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። እናቴም አይታዋለች፤ እንደ ልማዳችን ሁለታችንም አልተናገርንም።