የታታ ሐይቅ ዓሣ

ጸጥ ባለ ውሃ ዳር መቀመጥ አሳብን ያሳርፋል ሲባል ሰምተን ስለ ነበር፥ ሁለት ባልንጀሮች ሆነን ዓሣ ለማጥመድ ወደ ጋምቤላ ወረድን። ከጎሬ ደጋ ቁልቁል የሚወስደው መንገድ ቀድሞ የኢሉባቦር ቡና በጭነት ከብት የወረደበት ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መነሻነት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፥ ወንዙ በክረምት ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመጣ ነበር። ዛሬ መርከቡ ቀርቶ ወንዙ ብቻ ይፈሳል።

ከከተማው ወደ ደቡብ አቦቦን አልፈን፥ በጎግ ወረዳ ከሚገኘው ከታታ ሐይቅ ደረስን። አንድ አኙዋክ ሽማግሌ ከግንድ በተፈለፈለች ታንኳቸው አሳፈሩን፤ የመንደሩ መምህርም አስተርጓሚ ሆነልን። ከወፎች ድምፅና ከመቅዘፊያው በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ጸጥታውን ያፈረስነው እኛው ነን። የሁለታችን ገመድ በአንድ ትልቅ አምባዛ ላይ ተጠላልፎ ወጣና፥ አንዳችን «የእኔ ነው» ስንል ሌላችን «የእኔ መንጠቆ ነው የያዘው» አልን። ከዚያም ነገሩ ከዓሣው አልፎ፥ በመሥሪያ ቤት ሳለን ቋጥረን ወዳቈየነው ቂም ዞረ። ታንኳዋ ተናወጠች።

ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አሳርፈው እንዲህ ሲሉ አወጉን፦ «በጥንት ዘመን ሁለት ልጆች በወንዝ ዳር ስለ አንድ ዓሣ ተጣሉ። በዚያን ጊዜ ኦቹዶ ከውሃው ብቅ ብሎ ዳኛቸው። የነገሥታቶቻችን ዘር ከእርሱ ነው።»

ሁለታችንም አፈርን። በእኛ አገር «ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል፤ እነሆ፥ እነርሱ ከውሃው ዳኛ ሲያወጡ እኛ ከልባችን ያወጣነው ዘንዶውን ነበር።

ማታ በሐይቁ ዳር እሳት ተነድዶ አምባዛው ተጠበሰ። ሽማግሌው ቈርሰው ለሁላችን አካፈሉን። እኛም ሁለታችን፥ ስንት ወር ሙሉ ሰላምታ እንኳ ስንነፋፈግ የቈየን ሰዎች፥ ተጐራረስን። ስለ ቂማችን ግን ያን ሌሊት ተነጋግረን ጨረስን።

በየወንበራችን ተቀምጠን ሁለት ሰዎች ስለ ጥቂት ነገር ሲካሰሱ ብናይ፥ ነገሩ ትንሽ ነው ብለን ንቀን አንለፈው። በአኙዋኮች ትውፊት ንግሥና የተጀመረው ስለ አንድ ዓሣ በተሰጠ ፍርድ ነውና።